ደጅ የቀረው ወታደር

ሚሲሲፒ ወንዝ ዳር ሜምፊስ የምትባል ከተማ አለች። የአሜሪካ ደቡብ ናት፤ ቴነሲ በሚባለው ክፍለ ግዛት ውስጥ ነው የምትገኘው። ያበለጸጋት ጥጥ ነው። ጥጡን የለቀመው ጥቁር ሕዝብ ግን በገዛ ከተማው እንደ እንግዳ ነበር የኖረው። አራዊት ለማየት ወደ መካነ እንስሳቱ ለመግባት እንኳ ከሳምንቱ አንድ ቀን ብቻ ነበር የሚፈቀድለት። በዚያች ከተማ ቢል የሚባል ጎዳና አለ፤ ጥቁሩ ሕዝብ ሱቁን የከፈተበት፣ ሙዚቃውን የተጫወተበት፣ ጸሎት ቤቱን ያነጸበት ጎዳና። ዛሬ የማወጋችሁ ሰው ከዚያ ጎዳና ልጆች አንዱ ነው። ወታደር ሆኗል፣ ጠበቃ ሆኗል፣ ዳኛ ሆኗል፤ ከሁሉም በላይ ግን የባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ሆኖ አርጅቷል። ቤንጃሚን ሎውሰን ሁክስ ይባላል። ዘመኑን የምቆጥርላችሁ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን ከወዲሁ ያዙልኝ።

ታሪኩን ግን ከእሱ መጀመር አይሆንልኝም። የሚጀመረው ከአያቱ ነው።

አያቱ ወይዘሮ ጁሊያ ብሪተን ሁክስ ይባላሉ። የሙዚቃ ሰው ነበሩ። ኬንታኪ ውስጥ በርያ በተባለው ኮሌጅ ተምረው እዚያው ሙዚቃ አስተምረዋል። በርያ በዚያ ጨለማ ዘመን ነጭና ጥቁር አንድ ላይ የሚማርበት ኮሌጅ ነበርና፣ ጥቁር ሴት የነጭ ልጆች መምህር ሆና መታየቷ ራሱ ለብዙዎች እንግዳ ነገር ነበር። ኋላ ሜምፊስ መጥተው መኖር ጀመሩ። በ1881 ነው፤ ወይዘሮ ጁሊያ አንድ ምሽት ቲያትር ቤት ገቡና ለነጭ ከተከለለው ወንበር ላይ ተቀመጡ። ተነሺ ተባሉ። አልነሳም አሉ። ፖሊስ ተጠራ፤ ተያዙ፤ ፍርድ ቤት ቀርበው የገንዘብ ቅጣት ተፈረደባቸው። ልብ በሉልኝ፤ ሮዛ ፓርክስ ሞንትጎመሪ ከተማ አውቶቡስ ላይ አልነሳም ያለችው በ1955 ነው። ወይዘሮ ጁሊያ በሰባ አራት ዓመት ቀድመዋታል።

ቅጣቱ አላስቆማቸውም። ጧሪ ላጡ አረጋውያንና ወላጅ ለሌላቸው ሕፃናት መጠለያ ካቋቋሙት ሰዎች አንዷ ሆኑ፤ ሙዚቃ እያሰሙ ገንዘብ አሰባሰቡለት። የቢል ጎዳና ሰዎች መልአካችን ይሏቸው ነበር። የጥቁሮችን መብት ለማስከበር የተቋቋመው ብሔራዊ ማኅበር፣ ያ ኤን ዶብል ኤ ሲ ፒ እየተባለ የሚጠራው፣ በሜምፊስ ቅርንጫፉን ሲከፍት ከመሥራቾቹ መሐል ነበሩ። ዕድሜ ጠግበው በ1942 አረፉ። የልጅ ልጃቸው ቤንጃሚን ያኔ የአሥራ ሰባት ዓመት ወጣት ነበር። አያቱን አይቷል፤ ሰምቷቸዋል። ይህን ያዙልኝ።

ቤንጃሚን የተወለደው ጥር 23 ቀን 1917 ዓ.ም. ነው፤ በእነሱ ጃንዋሪ 31 ቀን 1925። ከሰባት ልጆች አምስተኛው ነው። አባቱና አጎቱ ፎቶ አንሺዎች ነበሩ። ሁክስ ወንድማማቾች የተባለውን ፎቶ ቤት በ1907 ከፍተው የሜምፊስን ጥቁር ሕዝብ ሙሽራውንም፣ ምሩቁንም፣ መዘምራኑንም ሲያነሡ ኖረዋል። የነጭ ጋዜጣ የጥቁርን ፊት በወንጀል ዜና ካልሆነ በማያወጣበት ዘመን፣ እነዚህ ወንድማማቾች የሕዝባቸውን ፊት በክብር አስቀምጠውለታል። እኔ ይህን እንደ ቀላል ሥራ አላየውም። ልጁ ያደገው ሰው ልብሱን አስተካክሎ፣ ቀና ብሎ በሚቀመጥበት ቤት ውስጥ ነው።

ልጁ ገና በጉርምስናው የእግዚአብሔር ጥሪ ተሰማኝ፣ ሰባኪ ልሁን አለ። አባት ግን አልወደዱለትም፤ ይህን መንገድ ተወው አሉት። ልጁም የአባቱን ቃል አክብሮ ጥሪውን በልቡ ይዞ ዝም አለ። ብዙ ዓመት ነው ዝም ያለው። መጀመሪያ በሜምፊሱ ሌሞይን ኮሌጅ ተማረ፤ ከዚያም ወደ ዋና ከተማዋ ዋሽንግተን ሄዶ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ገባ፤ በ1944 ተመረቀ።

ሃዋርድ ስል ብዙዎቻችሁ የምታውቁት ቦታ ነው። ዶክተር መላኩ በያን ሕክምና ተምረው በ1935 የተመረቁት ከዚያ ነው። ጣሊያን አገራችንን ሲወር ዶክተሩ ወደ ጦር ሜዳ ዘመቱ፤ ኋላም ንጉሠ ነገሥቱ ወደ አሜሪካ ላኳቸውና ጥቁር አሜሪካዊውን ከኢትዮጵያ ጎን ሲያሰልፉ ኖረው በ1940 እዚያው በወጣትነታቸው አረፉ። የኢትዮጵያን ጥንታዊ ታሪክ ለጥቁር ተማሪዎች ያስተማሩት ፕሮፌሰር ዊልያም ሊዮ ሃንስቤሪም በዚያው ዩኒቨርሲቲ ነበሩ። ዛሬ ከዩኒቨርሲቲው ብዙም ሳይርቅ፣ ዘጠነኛው ጎዳና ላይ፣ የእኛ ሰው ምግብ ቤቶች ተደርድረዋል። ቤንጃሚን ተማሪ በነበረበት ዘመን ግን ብዙዎቹ የዋሽንግተን ምግብ ቤቶች ጥቁርን አያስተናግዱም ነበር። በ1943 እና በ1944 የሃዋርድ ተማሪዎች ጥቁር አናስተናግድም ባሉ ምግብ ቤቶች ገብተው፣ ካልተስተናገድን አንነሳም ብለው ተቀምጠዋል። የእንዲህ ያለው ተቃውሞ ወሬ በደቡብ ከተሞች ከመሰማቱ ከአሥራ አምስት ዓመት በላይ ቀደም ብሎ ማለት ነው።

እንግዲህ ወደ ጦርነቱ ልውሰዳችሁ። የታሪኩ እምብርት እዚህ ጋ ነው።

የሁለተኛው የዓለም ጦርነት እየነደደ ነው። ቤንጃሚን የአሜሪካ ጦር ሠራዊት ወታደር ሆነ። የዚያን ዘመን ጦር ነጭና ጥቁር የተለያየ ነበር፤ ሰፈሩም ለየብቻ፣ ክፍሉም ለየብቻ። ቤንጃሚን የተሰጠው ግዳጅ የጦር ምርኮኞችን መጠበቅ ነበር። ምርኮኞቹ ጣሊያኖች ነበሩ።

ጣሊያኖች! ከጥቂት ዓመታት በፊት አገራችንን የወረረው፣ በአየር የመርዝ ጋዝ ያዘነበው፣ አዲስ አበባን የነጭ ሰፈርና የአገሬው ሰፈር ብሎ የከፈለው ያው የሙሶሊኒ ጦር ልጆች። በሰሜን አፍሪካው ጦርነት ከተማረኩት መሐል 50 ሺህ ያህሉ ውቅያኖስ ተሻግረው አሜሪካ ገብተው ነበር። በወረራው ጊዜ ጥቁር አሜሪካ ለኢትዮጵያ እንዴት እንደተቆረቆረ አባቶቻችን ያውቁታል። በኒው ዮርኩ የጥቁሮች ሰፈር፣ ሃርለም ላይ፣ ሰልፍ ወጥቷል። ጆን ሮቢንሰን የተባለው አብራሪ ከቺካጎ ተነሥቶ አዲስ አበባ ድረስ መጥቶ ለንጉሠ ነገሥቱ አውሮፕላን አብርሯል። ያ የወይዘሮ ጁሊያ ማኅበርም ድምፁን አሰምቷል። ቤንጃሚን ያኔ የአሥር ዓመት ልጅ ነበር። አሁን ጎልምሶ ጠብመንጃ ይዞ፣ የሙሶሊኒን ወታደሮች ዘበኛ ሆኖ ቆሟል።

ታዲያ ምን ሆነ መሰላችሁ? ምርኮኞቹ ለነጭ ብቻ ወደሆነ ምግብ ቤት ገብተው መብላት ይችላሉ። ዘበኛቸው አይችልም። የአገሩን መለዮ ለብሷል፤ የአገሩን መሣሪያ ይዟል፤ ለአገሩ ሊሞት ምሏል። የአገሩ ጠላት ገብቶ ከጠረጴዛ ይቀርባል፤ እሱ ደጅ ይቀራል። ምርኮኛው ነጭ ነው፤ ዘበኛው ጥቁር ነው፤ ሌላ ምክንያት የለም።

እስቲ ለአፍታ በዚያ ወጣት ቦታ ሆናችሁ አስቡት። በእኛ አገር ሰው ደጅ ቆሞ ከቤት የሚበላ የለም። ጠላት እንኳ ቤትህ ከገባ አብልተህ ነው የምትሸኘው። በዚያ አገር ግን የቤቱ ልጅ ደጅ ቆሞ እንግዳው ይበላል፤ ያውም እንግዳው ሊገድልህ መጥቶ የተማረከ ነው። ወይዘሮ ጁሊያ ቢሆኑ ገብተው ይቀመጡ ነበር። ወታደር ግን በትእዛዝ ነው የሚያድረው። ቤንጃሚን ውርደቱን ዋጠው፤ ግን አልረሳውም። እስከ ሽምግልናው ድረስ ደጋግሞ ተናግሮታል። የሕግ ሰው እንዲሆን ካደረጉት ነገሮች አንዱ ይኸው ነበር።

ጦርነቱ አበቃ። ቤንጃሚን በሃምሳ አለቃነት ደረጃ ከጦሩ ተሰናበተ። ለተመላሽ ዘማቾች የትምህርት ወጪ የሚሸፍን ሕግ በ1944 ወጥቶ ነበርና ሕግ ልማር ብሎ ተነሣ። በተወለደበት ክፍለ ግዛት ግን ጥቁር የሚቀበል የሕግ ትምህርት ቤት አልነበረም። ደም ላፍስልህ ያለው አገር ወንበር ነፈገው። ሻንጣውን ይዞ ወደ ሰሜን፣ ቺካጎ ወዳለው ዲፖል ዩኒቨርሲቲ ሄደ። በ1948 በሕግ ተመረቀ። ፕሬዚዳንት ትሩማን በጦሩ ውስጥ የዘር መለያየት ይቅር ብለው ትእዛዝ የፈረሙት በዚያው ዓመት ነው።

ቺካጎ ላይ ቀርቶ ጥሩ ኑሮ መኖር ይችል ነበር። ብዙው የተማረ ጥቁር ያኔ ያደረገው እሱን ነው፤ ደቡብን ጥሎ መውጣት። እሱ ግን ተመለሰ። ጥቁር ጠበቃ በጣት በሚቆጠርባት ሜምፊስ ቢሮውን ከፈተ። ችሎት ሲገባ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ሳይቀር ይሰድበዋል። የነጭ ጠበቆች ማኅበር አያስገባውም። ትልቅ ሰው ሆኖ፣ ሕግ ጠግቦ፣ ዳኛ ፊት ቆሞ በስሙ ከተጠራ ዕድለኛ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠራው እንደ አሽከር «አንተ ልጅ» ተብሎ ነበር። ይህን ሁሉ ችሎ መመለሱን ነው እኔ የመጀመሪያው ጀግንነቱ የምለው።

በ1949 ፍራንሰስ ዳንሲ የተባለች የሳይንስ መምህርት አገኘ። ከተገናኙ ወዲያ አልተለያዩም፤ ኋላም ተጋቡ። ስለ ወይዘሮ ፍራንሰስ ኋላ እመለስበታለሁ።

አሁን ያ በልብ የተያዘው ጥሪ። ቤንጃሚን በ1956 የባፕቲስት አገልጋይ ሆኖ ተሾመ፤ ግሬተር ሚድል በተባለው የሜምፊስ ቤተ ክርስቲያን መስበክ ጀመረ። ዕድሜው ሠላሳ አንድ ነው። እስካሁን አንተ እያልኩ አውግቼላችኋለሁ፤ ከዚህ ወዲያ ግን ፓስተር ሆነዋልና አንቱ ልበላቸው።

ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ለጥቁር አሜሪካዊ ምን እንደሆነ ካላወቅን የፓስተር ሁክስን ሕይወት አንረዳውም። በባርነት ዘመን ሰው የራሴ የሚለው ነገር ሁሉ ተወስዶበት ነበር። ከባርነት ሲወጣ መጀመሪያ በገዛ ገንዘቡ የሠራውና ራሱ ያስተዳደረው ቤት ቤተ ክርስቲያኑ ነው። ባፕቲስቶች ዘንድ ደግሞ ከላይ የሚሾም ጳጳስ የለም፤ ምእመኑ ራሱ ፓስተሩን ይመርጣል፣ ራሱ ደመወዙን ይከፍላል። ስለዚህ ጥቁር ፓስተር የነጭ አሠሪ አልነበረበትም። አስተማሪ ከተናገረ ይባረራል፤ ፖስተኛ ከተናገረ ይባረራል፤ ፓስተር ግን ሊናገር ይችላል። የመብት ትግሉ መሪዎች ከሰባኪዎች መሐል የበዙት በከንቱ አይደለም። ፓስተር ሁክስም ዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግ የሚመሩትን የደቡብ ክርስቲያን መሪዎች ጉባኤ በ1957 ተቀላቀሉ። እሑድ ይሰብካሉ፤ ሰኞ ችሎት ይቆማሉ።

በ1960 የሌሞይንና የኦወን ኮሌጅ ተማሪዎች ለነጭ ብቻ ወደተፈቀደው የሜምፊስ ቤተ መጻሕፍት ገብተው ተቀመጡ። መጽሐፍ ሊያነቡ ነው የገቡት፤ ሌላ ጥፋት አልነበራቸውም። ፖሊስ መጥቶ ይዟቸው ሄደ። ለእነዚህ ልጆች ፍርድ ቤት ከቆሙት ጥቁር ጠበቆች አንዱ ሁክስ ነበሩ። ቤተ መጻሕፍቱ በዚያው ዓመት ለሁሉም ተከፈተ። ይህንንም ያዙልኝ።

ሹመት ፍለጋ ላይ ብዙ ጊዜ ወድቀዋል። በ1954 ለክፍለ ግዛቱ ምክር ቤት ተወዳደሩ፤ ተሸነፉ። በ1959 እና በ1963 ለወጣት ጥፋተኞች ችሎት ዳኝነት ተወዳደሩ፤ ሁለቱንም ጊዜ ተሸነፉ። በ1965 ግን የቴነሲው ገዢ ፍራንክ ክሌመንት የወንጀል ችሎት ዳኛ አድርገው ሾሟቸው። በቴነሲ ታሪክ የመጀመሪያው ጥቁር የወንጀል ችሎት ዳኛ ናቸው። በማግስቱ ዓመት ሕዝቡ ራሱ በድምፁ አጸናቸው። «አንተ ልጅ» ይባሉበት በነበረው ከተማ፣ ጠበቆች ክቡርነትዎ እያሉ እጅ ነሧቸው።

መጣ 1968። የሜምፊስ ቆሻሻ ሠራተኞች በፌብሩዋሪ ሥራ አቆሙ። ሁለት ባልደረቦቻቸው ከዝናብ ሲጠለሉ የቆሻሻ መኪናው መጭመቂያ ውጧቸው ሞተው ነበር። 1300 ያህል ጥቁር ሠራተኞች እኔ ሰው ነኝ የሚል ጽሑፍ አንግበው ሰልፍ ወጡ። ዶክተር ኪንግ ሊያግዟቸው መጡ። ኤፕሪል 3 ማታ ከባድ ማዕበል ነበር፤ ዝናቡና ነጎድጓዱ ሜሰን የተባለውን አዳራሽ ያናጋው ነበር። ዶክተር ኪንግ የመጨረሻ ንግግራቸውን ሲያደርጉ ሁክስ ከተሰበሰበው ሕዝብ መሐል ነበሩ። በማግስቱ ኪንግ ሎሬይን በተባለው ሆቴል ሰገነት ላይ ተገደሉ። ሠላሳ ዘጠኝ ዓመታቸው ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናገር። የመብት ታጋዮቹን ታሪክ ስናወራ ጥይቱ ላይ እንቆማለን። ኪንግ፣ ማልኮም ኤክስ፣ ሜድጋር ኤቨርስ፤ ሦስቱም አርባ ሳይሞላቸው ተገደሉ፤ ስማቸው በዓለም ናኘ። ይገባቸዋል። ግን ከቀብሩ በኋላ ማን ቀረ? ሰልፈኛው ሲበተን፣ ጋዜጠኛው ሲሄድ፣ የማኅበሩ ዕዳ ሲቆለል፣ የተገኘው መብት በየፍርድ ቤቱ ሲሸራረፍ ማን ቢሮ ገብቶ መብራት አበራ? ሁክስ በዕድሜ ከኪንግ አራት ዓመት ይበልጣሉ፤ ከኪንግ በኋላ ደግሞ አርባ ሁለት ዓመት ኖረዋል። እኔ የምተርክላችሁ የእነዚያን አርባ ሁለት ዓመታት ሰው ነው።

ዳኝነቱን በ1968 ለቀቁ። ከ1964 ጀምሮ ዴትሮይት ከተማ ሁለተኛ ቤተ ክርስቲያን ይዘው ነበርና በሁለቱ ከተሞች መካከል እየተመላለሱ ሰበኩ። በ1972 ፕሬዚዳንት ኒክሰን የአገሪቱን ሬዲዮና ቴሌቪዥን የሚቆጣጠረው ኮሚሽን አባል አደረጓቸው፤ እዚያም ከጥቁር ሰው የመጀመሪያው ናቸው። የፎቶ አንሺው ልጅ ማን ይታያል፣ ማን ይሰማል የሚለውን ጥያቄ ይዘው ገቡ። ጥቁሮች የጣቢያ ባለቤት የሚሆኑበት መንገድ እንዲከፈት፣ ጥቁር ሠራተኛ እንዲቀጠር አምስት ዓመት ተከራከሩ።

ከዚያ ያ የአያታቸው ማኅበር ጠራቸው። በ1977 ሮይ ዊልኪንስ ጡረታ ሲወጡ የማኅበሩ ዋና ዳይሬክተር ሁክስ ሆኑ። የተረከቡት ቤት የሚያስቀና አልነበረም። አንድ ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ዕዳ ነበረበት። ግማሽ ሚሊዮን ይደርስ የነበረው አባል ወደ 200 ሺህ ገደማ ወርዶ ነበር። ሰው፣ መብቱ ተገኝቷል፤ ከእንግዲህ ማኅበር ምን ያደርጋል ማለት ጀምሮ ነበር። ፓስተሩ ከተማ ለከተማ ዞሩ፤ ሰበኩ ማለት ይሻላል። የማኅበሩን ጉባኤ ሲከፍቱ ድምፃቸው የእሑድ ድምፅ ነበር ይላሉ የሰሟቸው። ቀስ ብሎ ይነሣል፣ እየጋለ ይሄዳል፣ አዳራሹ አሜን እያለ ይከተላል።

ዘመኑ ከባድ ነበር። ፕሬዚዳንት ሬገን መጡ፤ ከዋሽንግተን የሚነፍሰው ነፋስ ተቀየረ። በ1982 የጥቁሮችን የመምረጥ መብት የሚያስከብረው ሕግ ለሃያ አምስት ዓመት እንዲራዘም በተደረገው ትግል ማኅበሩ ፊት ቆሟል። በ1983 ከማኅበሩ ሊቀ መንበር ጋር ተጣልተው ከሥራ ታገዱ፤ የቦርዱ አባላት ግን በጥቂት ቀናት ውስጥ መለሷቸው። ዋናውን መሥሪያ ቤት በ1986 ከኒው ዮርክ ወደ ባልቲሞር አዛወሩ። በ1989 የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት የጥቁሮችን መብት የሚያጠቡ ውሳኔዎች ሲያከታትል፣ በዋሽንግተን ጎዳናዎች መፈክር የሌለበት፣ ከበሮ እንጂ ቃል የማይሰማበት የዝምታ ሰልፍ አስወጡ። ከመቶ ሺህ በላይ ሰው ተመመ።

በዚያው ዓመት መጨረሻ ሞት በፖስታ መጣ። በዲሴምበር፣ አላባማ ውስጥ አንድ የፌዴራል ዳኛ፣ ሮበርት ቫንስ፣ በፖስታ የተላከ ጥቅል ሲከፍቱ ፈንድቶ ገደላቸው። ሁለት ቀን ቆይቶ ጆርጂያ ክፍለ ግዛት፣ ሳቫና ከተማ ውስጥ ለማኅበሩ ይከራከር የነበረ ጥቁር ጠበቃ፣ ሮበርት ሮቢንሰን፣ በሌላ ጥቅል ተገደለ። ጃክሰንቪል ወዳለው የማኅበሩ ቢሮም ተልኮ ነበር፤ ሳይፈነዳ ተደረሰበት። እንግዲህ አስቡት፤ የስልሳ አራት ዓመት ሰው፣ በየጠዋቱ ፖስታ የሚደርሰው ቢሮ ውስጥ የሚሠራ። ዶክተር ኪንግ ከሞቱ ሃያ አንድ ዓመት አልፏል፤ ትግሉ አበቃ የተባለበት ዘመን ነው። ሁክስ ቢሮውን አልዘጉም።

ወጣቶች ይተቿቸው ነበር። አርጅቷል፣ የድሮ ሰው ነው፣ የከተማውን ልጅ ቋንቋ አያውቅም ይሉ ነበር። ትችቱ ሙሉ በሙሉ ሐሰት አልነበረም፤ ማኅበሩ ብዙ ወጣት አላገኘም። ግን ዕዳ የወደቀበትን ማኅበር ተረክቦ፣ በቦምብም በፍርድ ቤትም ሳይበተን አሥራ አምስት ዓመት ማቆየት የማንም እጅ ሥራ አይደለም። በ1992 ጡረታ ወጡ።

ወደ ሜምፊስ፣ ወደ ግሬተር ሚድል መድረካቸው ተመለሱ። እውነቱን ለመናገር ከዚያ መድረክ ለቀው አያውቁም። በዚህ ሁሉ ሹመት መሐል የዚያች ቤተ ክርስቲያን ፓስተር ነበሩ፤ ሃምሳ ሁለት ዓመት አገልግለዋታል። ሹማምንት የሚያውቋቸው በማዕረጋቸው ነው፤ የሜምፊስ ሰው ግን ልጁን ያጠመቁለት፣ ያጋቡት፣ እናቱን የቀበሩለት ሰው ናቸው። ኪንግ የተገደሉበት ሎሬይን ሆቴል በ1991 የመብት ትግል ሙዚየም ሆኖ ሲከፈት ከሙዚየሙ ጎን ቆመዋል። በ1996 የሜምፊስ ዩኒቨርሲቲ በስማቸው የማኅበራዊ ለውጥ ተቋም መሠረተ።

ስለ ወይዘሮ ፍራንሰስ እመለስበታለሁ ብዬ ነበር። መምህርነታቸውን ትተው የባላቸው ጸሐፊ፣ አማካሪና የጉዞ ጓደኛ ሆነዋል። ያን ሁሉ መንገድ አብረው ነው የሄዱት። በ2001 መጋቢት ላይ፣ በትዳር ሃምሳ ዓመት ገደማ ኖረው፣ ሁለቱ ሽማግሌዎች በገዛ ቤተ ክርስቲያናቸው ቆመው የጋብቻ ቃል ኪዳናቸውን ለሦስተኛ ጊዜ አደሱ።

በኖቬምበር 2007 ፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽ የአሜሪካን ከፍተኛ የሲቪል ክብር፣ የነፃነት ሜዳይ፣ ቤተ መንግሥት ውስጥ አጠለቁላቸው። ሰማንያ ሁለት ዓመታቸው ነበር። ጥቁር ፕሬዚዳንት ሲመረጥም በዐይናቸው አይተዋል።

ለረጅም ጊዜ ታመው፣ ሚያዝያ 7 ቀን 2002 ዓ.ም.፣ በእነሱ ኤፕሪል 15 ቀን 2010፣ ሜምፊስ ቤታቸው ውስጥ አረፉ። ሰማንያ አምስት ዓመት ኖረዋል። ከጥይት ያመለጠ፣ ከቦምብ ያመለጠ፣ በአልጋው ላይ በቤተ ሰቡ መሐል የሞተ የመብት ታጋይ! እኔ ይህን እንደ ትልቅ ጸጋ አየዋለሁ። ፕሬዚዳንት ኦባማ የሐዘን መልእክት አወጡ። ሕዝቡ ወጥቶ ሸኛቸው። የተቀበሩት ኤልምዉድ በተባለው የሜምፊስ ጥንታዊ መካነ መቃብር ነው። በዚያ መካነ መቃብር በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ባርነት እንዳይቀር የተዋጉ ወደ አንድ ሺህ የሚጠጉ የደቡብ ወታደሮችም ተቀብረዋል። ወይዘሮ ፍራንሰስ በ2016 ተከተሏቸው።

ያዙልኝ ያልኳችሁ አንድ ነገር ቀርቷል፤ የቤተ መጻሕፍቱ ነገር። ተማሪዎች ለማንበብ ገብተው የታሰሩባት ከተማ ትልቁን ቤተ መጻሕፍቷን፣ እሳቸው ገና በሕይወት ሳሉ፣ ቤንጃሚን ኤል ሁክስ ማዕከላዊ ቤተ መጻሕፍት ብላ ሰይማዋለች። ሜምፊስ የምትኖሩ፣ ወይም በዚያ የምታልፉ ወገኖቼ፣ ቤቱ ፖፕላር በተባለው ጎዳና ላይ ነው። ልጆቻችሁን ይዛችሁ ግቡ፤ ስሙ የማን እንደሆነም ንገሯቸው።